ዘር ሲጠፋ ዕዳው የማን ነው?

ለማታ ትምህርት ጀማሪ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ተቀምጣችኋል? መልካም ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘር ነው። በማሳ ላይ ስለሚዘራው እህል፣ በማሳው መካከል ስለሚቆመው ዛፍ፣ አበባ ስለምትቀስመው ንብ እንነጋገራለን። እነዚህ ከእርሻችን ሲጠፉ ጉዳቱ ለማን እንደሚተርፍ እንመለከታለን። በመጨረሻም አንዲት ትንሽ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ።

«እኛ ገበሬ አይደለን፤ ይህ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። በተለይ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ፣ በሐና ማርያም ሆናችሁ የምትሰሙን እንዲህ ትሉ ይሆናል። ጤፉን ከወፍጮ ቤት፣ ዳቦውን ከሱቅ ነው የምትገዙት። ግድ የለም፣ ታገሡኝ። ሒሳቡ እናንተ ቤት ድረስ እንደሚመጣ አብረን እናየዋለን።

ስሙ ቀረ፣ ዛፉ ሄደ

እስቲ «ላፍቶ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ፊደል ነው፤ ላ፣ ፍ፣ ቶ። ጻፋችሁ? ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ማለት ነው። ስፍራው የዛፉን ስም ይዟል። ዛሬ በላፍቶ መንገድ ስንሄድ የምናየው ፎቅ፣ ሱቅና መኪና ነው። ግራር ፈልጉ ብትባሉ ብዙ መዞር ሊኖርባችሁ ነው። ስሙ በታክሲው ታፔላ ላይ ቀርቷል፤ ዛፉ ግን ሄዷል።

አካባቢው ከተማ ከመሆኑ በፊት የእርሻ አገር ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ይጣበቃል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዚያ አፈር ላይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይበቅል ነበር። ከተማ መስፋቱ አይቀርም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ማሳው ቤት ሲሠራበት ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። እርሱን ማንም አይቆጥረውም። ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

የእማማ ቋጠሮ

በላፍቶ አካባቢ በአንድ የማታ ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አዲስ ሙሽራ ነበሩ። «ያን ጊዜ ሥራው በዛብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ልጅ መጣ። እንዲያው ሳልማር ቀረሁ» ይላሉ። አሁን ግን ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የታክሲ ታፔላም ያነባሉ።

አንድ ማታ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ እርሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ፈቱ።

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን እይልኝ» አሉ።

አየሁት። ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ የስንዴ ፍሬ ነው። እፍኝ አይሞላም።

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ጥቁር ስንዴ ነዋ! ያማቴ ዘር ነው፤ ከሳቸው ባለቤቴ ወረሰው። ለጠላው ብትል፣ ለቆሎው ብትል፣ ተወዳዳሪ አልነበረው። ማሳችን ዛሬ ፎቅ የቆመበት ነው። መሬቱ ሲሄድ ይኼን አስቀረሁ። እንዳይጠፋ ብዬ ከሣጥኔ ውስጥ ቋጥሬ አኖርኩት።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«እኔ እንጃ! የመጨረሻ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። አሁን እሷም ወልዳለች። ባለፈው ክረምት ጥቂቱን በባልዲ አፈር ላይ ዘራሁት። ዝናቡም ዘነበ፤ እኔም አጠጣሁት። አንድም አልበቀለ! ምን ነካው ልጄ?»

ምን ልበላቸው? ዘር ሕይወት አለው። ደርቆ ተቀምጦም ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ቶሎ ያረጃል። በሣጥን ውስጥ ያን ያህል ዓመት የቆየ ስንዴ ይሞታል። መልኩ እንደ ድሮው ነው፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሕይወቱ ግን ወጥታለች።

«እማማ፣ ዘሩ ሞቷል» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ፍሬውን አንድም ሳያስቀሩ ለቅመው መልሰው ቋጠሩት። «ቢሞትም አልጥለው» ብለው ወጡ።

ውድ አድማጮች፣ እማማ ዘሩን ለማዳን ያላቸውን ሁሉ አድርገዋል። የሳቱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘር በሣጥን አይጠበቅም፤ ዘር የሚጠበቀው እየተዘራ ነው። የሚዘራበት ማሳ፣ የሚዘራው ሰው ሲጠፋ ዘሩም ይጠፋል።

በማሳ ውስጥ ማን ማን ይኖራል?

አሁን አንድ አዲስ ቃል እንማር፤ «ብዝኃ ሕይወት»። ብዝኃ ማለት ብዛት ማለት ነው። ብዝኃ ሕይወት ማለት በአንድ አገር ወይም በአንድ ማሳ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ ዕፅዋት፣ እንስሳትና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወቶች ሁሉ ማለት ነው።

ጤፍን እንውሰድ። ጤፍ አንድ ነው? አይደለም። ማኛ አለ፤ ነጭ አለ፤ ቀይ አለ። ነጩና ቀዩ ሲቀላቀል ሠርገኛ ይባላል። ገብስም እንዲሁ ነው። ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ሰነፍ ገብስ አለ። ይህ ሁሉ ለጌጥ አይደለም። አንዱ ዝናብ ቢያጥርም ቶሎ ይደርሳል። ሌላው ውኃ የቋጠረ መሬት ይችላል። አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለቆሎ፣ አንዱ ለጠላ ይመረጣል። ገበሬው ዓመቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ከየዓይነቱ ይዘራል። አንዱ ቢከዳው ሌላው ያበላዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ስንዴና ገብስን በአንድ ማሳ ቀላቅለው የሚዘሩ አሉ። ዝናቡ ደህና ከሆነ ስንዴው ይሰጣል፤ ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ያድናል።

ሽምብራን ደግሞ እንመልከት። የሽምብራን ሥር ነቅለን ብናይ ትናንሽ እብጠቶች አሉበት። በእብጠቶቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወቶች ይኖራሉ። እነርሱ ናይትሮጅን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የምንገዛውም ይህንኑ ነው። ባቄላ፣ ምስርና ጓያም ይህንን ሥራ ይሠራሉ። አባቶቻችን ይህን ስም ባያውቁትም ሥራውን ያውቁት ነበር። ዘንድሮ ጤፍ የዘሩበትን ለከርሞ ሽምብራ የሚዘሩት ስለዚህ ነው።

ኑግን ተመልከቱ። የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት በደንብ አያፈራም። ዱቄቱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚያደርስለት ያስፈልገዋል። ይህን የምትሠራው በተለይ ንብ ናት። ንብ ማሩን ለራሷ ስትሠራ፣ ዘይቱን ለእኛ ትሠራለች። ንብ በሌለበት የኑጉ አበባ ያምራል፤ ፍሬው ግን ያንሳል።

ዛፉስ? በቢሾፍቱ ዙሪያ በጤፍ ማሳ መካከል አንድ የግራር ዓይነት ይታያል። በኦሮምኛ ገርቢ ይባላል። የገርቢ ጠባይ ከሌላው ዛፍ የተለየ ነው። ሌላው በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል። ስለዚህ እህሉን ፀሐይ አይከለክለውም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል። በበጋ ደግሞ ለምልሞ ለከብቱ ጥላና መኖ ይሆናል። ገበሬው ሲያርስ ዙሪያውን እየዞረ የሚተወው አለምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ማሳ ማለት አፈርና እህል ብቻ አይደለም። ብዙ ሠራተኞች ያሉበት ቤት ነው። ደመወዝ ስለማንከፍላቸው አናውቃቸውም። ሲጠፉ ግን ሥራቸውን በገንዘብ መግዛት ይመጣል።

ለምን ይጠፋል?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንደኛው የነገርኳችሁ ነው፤ ከተማ ሲሰፋ ማሳው ከነዘሩ ይሄዳል። ሁለተኛው የመሬት ማነስ ነው። አባት አራት ልጆች ካሉት መሬቱ ለአራት ይከፈላል። መሬት ሲያንስ ገበሬው ብዙ የሚያወጣለትን አንዱን ብቻ ይዘራል። ለሽምብራ ተራ የሚሰጥበት ቦታ አይኖረውም።

ሦስተኛው ረሀብ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በላ፤ ወይም ሸጠ። ማን ይፈርድበታል? ልጁ እየራበው ዘር የሚያስቀምጥ የለም። ነገር ግን ዝናቡ ሲመለስ የአያቱ ዘር አልተመለሰለትም።

አራተኛው መድኃኒት አለአግባብ መርጨት ነው። ተባይ ሊገድል የተረጨ መድኃኒት ንቧንም ይገድላል። ብዙ ንብ አናቢዎች በዚህ ያማርራሉ።

አምስተኛው ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር ብቻ መያዙ ነው። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ምርጥ ዘር መጥፎ ነው አላልኩም። ምርጥ ዘር ብዙ ጎተራ ሞልቷል። ጥፋቱ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ሁሉ መጣል ነው። ይህ ምን እንደሚያመጣ በአገራችን የሆነውን ልንገራችሁ።

ዋግ የመጣ ዓመት

ስንዴን የሚያጠቃ ዋግ የሚባል በሽታ አለ። ዱቄት የሚመስል ነገር በቅጠሉና በግንዱ ላይ ያወጣል። ቢጫ ዋግ አለ፤ የግንድ ዋግም አለ። የዋግ ዱቄት በነፋስ ይሄዳል። ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር ይሻገራል። ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው የመልእክት ጣቢያ ነው ይባላል፤ መልእክቱ በነፋስ ይሄዳል ለማለት ነው። ዋግም እንደዚያው ያለ መንገድ፣ ያለ ድልድይ ይሄዳል።

በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ተነሣ። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ገበሬ ይዘራ የነበረው ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዓይነቶች ነበር። ሁለቱም በሽታውን አልቻሉም። በብዙ መቶ ሺሕ ሄክታር ላይ ያለ ስንዴ ተጠቃ። መድኃኒት በጥድፊያ ከውጭ ተገዛ። ደርሶ ያዳነው አለ፤ ሳይደርስ የቀረውም አለ።

ከዚያ ምን ተደረገ? ዲጋሉ የሚባል ሌላ ስንዴ ነበር፤ ቢጫ ዋግን ይችላል። ገበሬው «ይሄስ ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ዲጋሉ ዞረ። በአርሲና በባሌ ሰፊ መሬት ዲጋሉ ለበሰ። ሦስት ዓመት አልሞላም። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ መጣ። ዲጋሉ ይህኛውን አልቻለም። ስንዴው ሊታጨድ ሲደርስ ግንዱ ተሰበረ፤ ፍሬው ጨነጨነ። በአንዳንድ ማሳ ከነጭራሹ የሚታጨድ አልተገኘም።

ለምን እንዲህ ሆነ? እስቲ ይህን አስቡ። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ብዙ በር አለ። የሁሉም በር ቁልፍ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮስ? ሌባው አንድ ቁልፍ ካገኘ ሁሉንም ቤት ይከፍታል። በሩ ሁሉ የተለያየ ቁልፍ ካለው ግን አንዱን ቢከፍት ሌላው ያቆመዋል። በሽታም እንዲሁ ነው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ሲሆን በሽታው አንድ ቁልፍ ይበቃዋል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአውሮፓ አየርላንድ የምትባል አገር አለች። የድሃው ሰው ምግብ ድንች ነበር፤ ድንቹም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 የድንች በሽታ ገባ። ድንቹ በመሬት ውስጥ በሰበሰ። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሀብና በበሽታ ሞተ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በሽታው ብቻውን አይደለም ይህን ያደረገው፤ ድህነቱና የአስተዳደሩ ጥፋትም አለበት። ነገር ግን በማሳው ላይ ሌላ ዓይነት ድንች ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር።

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ለሰው የተባለው ለዘርም ይሠራል።

ሒሳቡ ወደ ከተማ ሲመጣ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቃል ገብቼላችሁ ነበር።

በአርሲ ስንዴው በዋግ ሲመታ በሳሪስ ዳቦው ያንሳል። ዋጋው ያው ሆኖ ዳቦው ትንሽ ይሆናል፤ ወይም ዳቦው ያው ሆኖ ዋጋው ይጨምራል። አገር ለብዙ ዓመታት ስንዴ ከውጭ ስትገዛ ኖራለች። ለዚያ የወጣው የውጭ ምንዛሪ ለመድኃኒትና ለማሽን መሆን ይችል ነበር።

ሽምብራና ባቄላ ተራ ሲያጡ መሬቱ ይደክማል። የደከመ መሬት ማዳበሪያ ይጠይቃል። ማዳበሪያው ከውጭ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሰማይ ነካ። በሩቅ አገር የተተኮሰው ጥይት የእኛን ገበሬ ኪስ መታው። ገበሬው የከፈለውን ደግሞ በጤፉ ላይ ጨምሮ ሸጠው። ጤፉን የገዛው ማነው? እኔና እናንተ ነን።

ኑግ ሲያንስ ዘይት ከውጭ ይገባል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንበላው ዘይት ከሩቅ አገር የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ዶላር ሲወደድ ዘይቱም አብሮ ይወደዳል።

አንድ ሌላም ነገር በሰፈራችን አለ። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በክፍለ ከተማችን ያልፋል። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይተከላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይኖራል፤ ከተማውም ይበላዋል። ወንዙ ግን የፋብሪካና የቤት ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል። በወንዝ ውስጥ የሚኖሩት ዕፅዋትና ጥቃቅን ሕይወቶች ውኃን የማጥራት ሥራ ነበራቸው። ቆሻሻው ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሞቱ። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃ ከበቀሉት አትክልቶች በአንዳንዶቹ ከሚፈቀደው ልክ ያለፈ እርሳስና ክሮሚየም አግኝተዋል። እርሳስ ስል የምትጽፉበትን አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ሲከማች የሚጎዳ ብረት ነው። በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። ይህን ዕዳ ገበያ ላይ አንከፍለውም። የምንከፍለው በጤናችን ነው። ጎመኑን የሚያመርተው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ወንዙን ያቆሸሸው ሌላ ነው። ዕዳው ግን በእርሱና በሚበላው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከጥፋት ያተረፉ ሰዎች

ተስፋ የለም ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ገንዘብ ሳይሆን ዘር የሚቀመጥበት ባንክ ነው። ዘሩ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በብርድ ክፍል ይቀመጣል። ብርዱ ዘሩን ከእርጅና ያዘገየዋል። በየጊዜውም መብቀል አለመብቀሉ ይፈተናል፤ ሲደክም ተዘርቶ ይታደሳል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከ80,000 በላይ የዘር ናሙናዎች አሉት።

ይህን ባንክ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ዶክተር መላኩ አንድ ነገር አጥብቀው ያምኑ ነበር። ዘርን በብርድ ክፍል ማኖር ብቻ አይበቃም፤ በገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ይሉ ነበር። በማሳ ላይ ያለ ዘር ከአየሩ ጋር፣ ከበሽታው ጋር እየተላመደ ይሄዳል። ገበሬውንም እንደ አስተማሪ ይቆጥሩት ነበር። ለዚህ ሥራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን በሥራ አሳይተዋል። የጥንቱ ስንዴያቸው ከማሳቸው ጠፍቶ ነበር። ዘሩን ከአዲስ አበባው ባንክ አግኝተው አበዙት። የራሳቸውን የዘር ባንክም አቋቋሙ። ገበሬው ከዚያ ዘር ይበደራል፤ እህሉ ሲገባ ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል።

የእኛ ዘር ለሌላውም ተርፏል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ገብስን የሚያቀጭጭ በሽታ ገብቶ ነበር። ምሁራን ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ ከ6,000 በላይ የገብስ ዓይነት ፈተኑ። በሽታውን የቻሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ስሙ የማይታወቅ የኢትዮጵያ ገበሬ መርጦ ያቆየው ገብስ የሩቅ አገር ማሳ አዳነ።

ስለ ቁንጮ ጤፍም ልንገራችሁ። ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ምርጥ ዘር ነው። ብዙ ገበሬ ወዶታል፤ ምርቱም ጥሩ ነው። ግን ቁንጮ ከየት ተወለደ? ሁለት የአገር ጤፎች ተዳቅለው ነው የተገኘው፤ አንደኛው ወላጅ ማኛ ነው። ማኛን አስቀድሞ ያቆየው ገበሬ ባይኖር ቁንጮ ከየት ይመጣ ነበር? የነገው ምርጥ ዘር እናት ዛሬ ንቀን የምንጥለው አሮጌ ዘር ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

ገበሬ የሆናችሁ ወይም ገጠር ዘመድ ያላችሁ፦ ምርጡን ዘር ዝሩ፤ የአያታችሁን ዘር ደግሞ ቢያንስ በማሳው ጥግ አትርሱት። ዘር ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ ሳይዘራ አይቆይ። በደንብ አድርቁት፤ እርጥበት በሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። ለእህሉ ተራ ስጡ፤ ከስንዴ ቀጥሎ ባቄላ፣ ከጤፍ ቀጥሎ ሽምብራ ይግባ። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ ንብ በማትወጣበት ሰዓት፣ ወደ ማታ ይሁን። ለጎረቤት ንብ አናቢም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከተማ የምንኖር ደግሞ የምንበላውን እናብዛ። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ የምስርና የሽምብራ ወጥ በገበታችን ይኑር። ገዢ ያለው እህል ከማሳ አይጠፋም። ገበያ ስንሄድ «ይህ የየት አገር ነው? ዓይነቱስ ምን ይባላል?» ብለን እንጠይቅ። ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ አንጣል፤ የሚጥለውንም ዝም አንበለው። በግቢያችን አበባ የሚያወጣ ተክል ብንተክል ለንብ ምግብ ይሆናል።

የቤት ሥራችሁ

አሁን የቤት ሥራውን ልስጣችሁ። ከዚያ በፊት የእማማን ነገር ልጨርስ።

ቋጠሮውን ይዘው በሄዱ በማግስቱ ማታ ተመልሰው መጡ። ደብተራቸውን ከፊቴ ዘረጉ። በትልልቅ ፊደል፣ እያንዳንዱን መስመር ሞልተው ጽፈዋል፦

ጥቁር ስንዴ
ማኛ ጤፍ
ቀይ ጤፍ
ሰነፍ ገብስ
ሽምብራ
ጓያ
ተልባ
አብሽ

ከየስሙ ጎን ደግሞ ጥቂት ቃል አለ። «ለጠላ።» «ቶሎ ይደርሳል።» «ለአራስ።» «ውኃ አይወድም።» አንዳንዱ ፊደል ተገልብጧል፤ አንዳንዱ ቃል ተቆርጧል። ቢሆንም ሁሉም ይነበባል።

«ልጄ፣ ዘሩን ገደልኩት» አሉኝ። «ስሙን ግን አልገድለውም። ስሙን ያላወቀ ሰው እንዴት ብሎ ይፈልገዋል?»

እውነታቸውን ነው። ስሙና ጠባዩ ከታወቀ ዘሩ ምናልባት በሌላ ገበሬ ማሳ፣ ምናልባትም በዘር ባንኩ ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል። ስሙም ከጠፋ ግን መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

እንግዲህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አያታችሁን ወይም አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ጠይቁ። «በልጅነትዎ የሚዘራው እህል ምን ምን ነበር? ስሙ ማን ይባላል? ለምን ይጠቅም ነበር? ዛሬስ የት ይገኛል?» በሉ። የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። በአማርኛ የማያውቁትን በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢነግሯችሁ እንደሰማችሁት ጻፉት። ፊደል ተሳሳትን ብላችሁ አትፈሩ። ዘሩ በእጃቸው ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሚዘራው ዘመድ ስጡ፤ ወይም ለግብርና ባለሙያ አሳዩ። በሣጥን አትቆልፉት።

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ደብዳቤ ለመላክና ታፔላ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በሰው አፍ ብቻ ያለውን ዕውቀት ሰውየው ሳያልፍ በወረቀት ለማስቀረትም ነው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ደህና እደሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ላፍቶ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የእማማ ዘር ለምን አልበቀለም?
3. በ2003 ዓ.ም. እና በ2006 ዓ.ም. በስንዴ ላይ ምን ደረሰ? ከሁለቱ ምን እንማራለን?
4. ሽምብራ ለመሬት ምን ይጠቅማል? ንብስ ለኑግ?
5. የእርሻ ብዝኃ ሕይወት ሲጠፋ ከተማ የሚኖር ሰው ምን ምን ይከፍላል? ከቤታችሁ ወጪ ምሳሌ ስጡ።
6. በሰፈራችሁ የጠፋ ዛፍ፣ ወፍ ወይም እህል አለ? ስሙን ጻፉ።